ውጪ መሬት ላይ ስታድሩ ትንኝና መዥገር እንዳይበላችሁ

ብዙ ሰው ውጪ ለማደር ሲነሳ መጀመሪያ የሚገዛው የሚቀባ ነገር ነው። ቅባቱን አልቃወምም፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ላይቆይላችሁ ይችላል፣ ደሞ መሬት ላይ የተኛ ሰው ከላይ ትንኝ አለበት፣ ከታች ጉንዳንና ቁንጫ መዥገርም አለበት፣ ቅባት ሁሉንም አይችላቸውም። ስለዚህ እኔ የምለው መጀመሪያ ቦታ፣ ከዛ አጎበር፣ ቅባት በስተመጨረሻ።

ቦታ የሚመረጠው ገና ብርሃን እያለ ነው፣ ከመሸ በስልክ መብራት የጉንዳን መስመር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ከቆመ ውሃ፣ ከረግረግና ከረጅም ሳር ራቁ። ትንሽ ከፍ ብሎ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ካለ እሱን ያዙ፣ ትንኝ ስትበር ጉልበት ስለሌላት ለስለስ ያለ ነፋስ ራሱ ያስቸግራታል፣ በዛ ላይ እኛን የምታገኘን በትንፋሻችን በሰውነታችን ሙቀትና በጠረናችን ስለሆነ ነፋሱ ያን ሁሉ ይበትንባታል። ኩይሳ፣ የአይጥ ጉድጓድና የተሰነጠቀ መሬት አጠገብም አትተኙ፣ የአሸዋ ዝንብ ቀን ቀን የምትደበቀው እዛ ነው፣ በአንዳንድ አካባቢ ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው እሷ ናት። ዋሻና ሰው የተወው አሮጌ ጎጆ ምቹ ይመስላል ግን ዝናብ ካላስገደዳችሁ ይቅርባችሁ። እንደዚህ አይነት ቦታ ስንጥቅ ውስጥ የሚኖር ለስላሳ መዥገር አለ፣ ሌሊት ወጥቶ ትንሽ ደቂቃ ደም መጦ ይመለሳል፣ ስለማያም ጠዋት ማን እንደነከሳችሁ እንኳን አታውቁም፣ የሚያገረሽ ትኩሳትም ሊያስተላልፍ ይችላል።

ቦታው ከተገኘ ሳርና ደረቅ ቅጠሉን ጥረጉት፣ ወፍራም ላስቲክ ወይ ሸራ አንጥፉ፣ ፍራሹ ከዛ በላይ ይሁን። የምግብ ፍርፋሪ አጠገባችሁ አይደር፣ ጉንዳን ይጠራል።

አሁን አጎበሩ። ውጪ ሲሆን ሰው የሚበላው ባብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው፣ አንድ ጫፉ መሬት ላይ ዝም ብሎ ስለሚለቀቅ፣ ሁለት ደሞ አጎበሩ ጠባብ ሆኖ ክርንና ጉልበት ስለሚነካው። ትንኟ ቆዳችሁ አጎበሩን ከነካ መግባት አያስፈልጋትም፣ በቀዳዳው አሳልፋ ትነክሳለች። ሁለት ዛፍ ወይ ሁለት እንጨት መሀል ገመድ ወጥሩና ሰፋ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ጫፉን ዙሪያውን ከፍራሹ ስር አስገቡ፣ የሚያጥር ከሆነ በሻንጣ ወይ በድንጋይ እየተጫነ ይዘጋ፣ ምንም ክፍተት አይተዉለት። ከመሸ በኋላ መግባት መውጣት አታብዙ፣ ከገባችሁም በኋላ በባትሪ ዙሪያውን እዩና አብራችሁ የገባውን ግደሉ፣ ይሄን የሚያደርግ ሰው ግን ጥቂት ነው። የአሸዋ ዝንብ በጣም ትንሽ ስለሆነች ተራውን አጎበር ታልፋለች፣ እሷ ባለችበት ቦታ ቀዳዳው በጣም ደቃቅ የሆነ ወይ መድሃኒት የተነከረ አጎበር ያስፈልጋል። ደቃቁ ይሞቃል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ለልብስ፣ ለካልሲና ለሸራ 0.5% ፐርሜትሪን የሚባል ተባይ ገዳይ ያለበት ስፕሬይ አለ፣ ለኔ ከቅባቱ በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው ምክንያቱም መዥገርንም ይገድላል፣ ከጥቂት እጥበት በኋላም ይሰራል። ነፋስ ባለበት ነፍታችሁ በደንብ ሲደርቅ ልበሱት። ቆዳ ላይ ግን አይደረግም፣ እርጥብ እያለ ድመት አታስጠጉ፣ ዓሳ ስለሚጎዳ ወንዝ ዳርም አትርጩት።

ቅባት ከሆነ ከ20 እስከ 30% ዲት ወይ 20% ፒካሪዲን የሚባል ትንኝ የሚያባርር መድሃኒት ያለበት ብዙ ሰዓት ይቆያል። ዲት ፕላስቲክና አንዳንድ ጨርቅ ያበላሻል፣ የሰዓትና የመነፅር ነገር ተጠንቀቁ፣ ፒካሪዲን ይሄ ችግር የለበትም። የፀሐይ ክሬም ካለ እሱ ይቅደም። በልብስ የተሸፈነ ቦታ አትቀቡ፣ የልጆች እጅ ላይም አይሁን አይናቸውን ያሹበታል፣ 2 ወር ላልሞላው ህፃን ደሞ ጭራሽ አጎበር ብቻ።

የእሳት ጭስ ትንሽ ያግዛል፣ ነፋስ ሲቀየር ግን ምንም አይደለም። ድንኳን ውስጥ ከሰል ወይ እሳት እንዳታስገቡ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል፣ የሚጨሰውን የትንኝ ጥቅልም ውጪ አድርጉት። በድምፅ ትንኝ ያባርራል የሚባለውን የስልክ አፕ ተዉት፣ ነጭ ሽንኩርት መብላቱንም እንደዛው።

ጠዋት ጫማችሁን አራግፋችሁ አድርጉ፣ ጊንጥ ይገባበታል። ከዛ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ከጆሮ ኋላና ፀጉር ውስጥ መዥገር ፈልጉ። ከተገኘ በወረንጦ ከቆዳው ጋር በጣም አስጠግታችሁ ያዙና ሳትጠመዝዙ ቀስ አድርጋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፣ ቦታውን በሳሙና እጠቡ። በእሳት ማቃጠልም ቅባት ማፍሰስም የለም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይ ሽፍታ ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱና የት እንዳደራችሁና መቼ እንደተነከሳችሁ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።