ዘምተው የተመለሱና ረጅም ዕድሜ የኖሩ አባትን የሕይወት ታሪክ ለመጻፍ

በጅማ አንድ አረጋዊ አባት ሲያርፉ የሕይወት ታሪካቸውን የመጻፉ ኃላፊነት ከቤተሰቡ መካከል ጽሑፍ ይችላል በሚባለው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ላይ ይወድቃል፤ የሚሰጠውም ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሌሊት አይበልጥም። ሟቹ የቀድሞ ወታደር፣ የብዙ ልጆች አባትና ከከብት ከፈረስ ጋር የኖሩ ሰው ከሆኑ የሚነገረው ስለሚበዛ ምን ተጽፎ ምን እንደሚተው አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

በቅድሚያ ዘመኑ ይስተካከል። የልደት ማስረጃ ከሌለ ሰውየው ራሳቸው ይናገሩት በነበረው ምልክት ማስላት ይቻላል፤ ለምሳሌ በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ ጥጃ የሚጠብቁ የሰባት ዓመት ያህል ልጅ እንደነበሩ ካወሩ «በ1926 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ» ተብሎ ይጻፍ። «ገደማ» የምትለዋ ቃል ትቅር የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ነገር ግን በለቅሶው ላይ የሚገኙት እኩዮቻቸው ስለሚታዘቡ ብትቆይ ይሻላል። በኮሪያ ወይም በኮንጎ ዘመቻ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ካለ በላዩ ያለው ዓመት የፈረንጆቹ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ ላለው ቀን 7፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8 ዓመት ይቀነሳል። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የተጓዘው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን በውጭ ሰነድ ላይ 1951 ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የውትድርናው ክፍል አጭር ይሁን፤ ማዕረጋቸው፣ ያገለገሉበት ክፍልና የዘመቱበት ግንባር ከጡረታ ደብተርና ከመታወቂያ ላይ እንዳለ ይገልበጥ። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት የተሰለፉ ከሆነ፣ የካራማራ ድል የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ስለሆነ፣ እሳቸው በዚያ ዕለት በዚያ ስፍራ መኖራቸው ሳይረጋገጥ ስማቸውን ከድሉ ጋር ማያያዝ አይገባም። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ቤታቸው የተመለሱ አባቶችን ዘመን አንዳንድ ቤተሰብ ዘልሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን አገልግሎት በመንግሥት መለወጥ አይሰረዝም ባይ ነኝ። ስለ ጦርነቱ ማውራት የማይወዱ ከነበሩም ይኸው ዝምታቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጽ።

ሰፊው ቦታ ለኑሯቸው፣ በተለይም ለእንስሶቻቸው ይሰጥ። «እንስሳት ወዳድ ነበሩ» ብሎ ማለፍ ማንንም አያሳይም። ከብቶቹን ይጠብቅ የነበረው እረኛ፣ የጋሪ ፈረሱን ይነዳ የነበረው ጎረቤትና ላሟ ስትወልድ በሌሊት የተጠራው የእንስሳት ሐኪም ይጠየቁ፤ ያረጀውን በሬ ለልኳንዳ አልሸጥም ማለታቸውን ወይም ከሂርማታ ገበያ ሲመለሱ የደከመ አህያ ጭነት ተካፍለው መሸከማቸውን የሚያውቁት እነዚህ ናቸው። የከብቶቹ ስም ከነመልካቸው ይጻፍ፤ ቡሬና ዳለቻ ሲባል አድማጩ ግቢውን ያየዋል። ሰውን በፈረሱ ስም መጥራት በዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ የጅማው አባ ጅፋርም የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው። ሟቹም እንዲህ ያለ መጠሪያ ከነበራቸው ከስማቸው ቀጥሎ ይግባ።

የልጆች ስም በዕድሜ ቅደም ተከተል ይዘርዘር፤ ከሌላ እናት የተወለዱትና በቤታቸው ያደጉት አብረው ይቆጠሩ። ዝርዝሩ ከመነበቡ በፊት ለታላቅየው ወይም ለታላቅየዋ መታየት አለበት፤ በለቅሶ ቀን የተዘለለ ስም ለዓመታት ቅያሜ ይሆናል። የልጅ ልጆች በቁጥር ቢጠቀሱ ይበቃል።

ጽሑፉ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ፤ በክረምት ከሆነ ሰው በዝናብ ቆሞ ነው የሚሰማው። ለቀስተኛው አማርኛና አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ስለሚሆን፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ከማስተርጎም ይልቅ ሁለት ሰዎች አንዱ ሲጨርስ ሌላው ቢያነቡት ይሻላል። ሟቹ ሙስሊም ከሆኑ ቀብሩ ስለሚፈጥን ጽሑፉ ለዱዓው ዕለት ሊቆይ ይችላል። ክርስቲያን ከሆኑ ደግሞ ለቅሶ ደራሾች የሚያወሩት በደብተር እየተያዘ ይቆይና፣ ለአርባው ዕለት የሚነበበው በእሱ ይታረማል።