የቤት ስልክ ላይ ስፓም ስንዘጋ የአገር ቤት ጥሪ አብሮ ሲዘጋ፦ ችግርና መፍትሄ

አሜሪካ ውስጥ የቤት ስልክ የሚጠቀሙ እናት አባት ወይ አክስት ላላችሁ ነው ይሄን የምጽፈው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ የብዙ ትልልቅ ሰዎችን ስልክ አስተካክያለሁ፣ የሚገጥመኝ ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ነው። ገመዱ ተሰክቷል ወይ፣ የቀፎው ባትሪ ደህና ነው ወይ፣ ድምፁ አልጠፋም ወይ የሚለውን አይታችኋል ብዬ ወደ ዋናው ልግባ።

ችግር፦ የአሜሪካ ጥሪ ይገባል፣ ከኢትዮጵያ የሚደወለው ግን አይገባም

በየቤቱ የማገኘው ይሄን ነው። አንዲት እናት ጋ ሄድኩ፣ እህታቸው ደሴ ናቸው፣ ሶስት ሳምንት ድምፃቸውን አልሰሙም፣ "ምን አስቀየምኳት" እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል። እህትየው ደሞ በየቀኑ እየደወሉ "ይዘጋብኛል፣ አሟት ይሆን" እያሉ እዛ ያለቅሳሉ። ለካ ልጃቸው ስፓሙ፣ ያ የማጭበርበሪያና የማስታወቂያ ጥሪ፣ ሲያስመርረው አዲስ ስልክ ገዝቶ፣ ኮለር አይዲ (የደዋዩ ቁጥር) የሌለው ጥሪ ሁሉ ይዘጋ የሚለውን አብርቶ ነው የሄደው። አስቦላቸው ነው፣ ግን ምን እንዳደረገ ለናቱ አልነገራቸውም፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

መንስኤው ይሄ ነው። ቁጥር ሳይዝ የሚመጣ ጥሪ ሁለት አይነት ነው፣ ስልኩ መስኮት ላይም ለየብቻ ነው የሚጻፈው። አንዱ "ፕራይቬት" ወይ "አኖኒመስ" የሚል ነው፣ ደዋዩ ራሱ ሆን ብሎ፣ ለምሳሌ ስታር 67 ብሎ (ስታር ማለት የኮከቧ ምልክት * ናት)፣ ቁጥሩን ደብቋል ማለት ነው። ሌላው "አውት ኦፍ ኤሪያ" ወይ "አንአቬይለብል" የሚለው ነው፣ እዚህ ማንም ምንም አልደበቀም፣ ጥሪው ከኩባንያ ኩባንያ ሲተላለፍ ቁጥሩ መንገድ ላይ ቀርቶ ነው፣ ከአገር ቤት በርካሽ መስመር ዞሮ የሚመጣ ጥሪ ደሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ከስልክ ኩባንያው በኩል የሚበራው ስታር 77 የሚመልሰው የመጀመሪያውን፣ የተደበቀውን ብቻ ነው። ቀፎው ላይ ያለው መዝጊያ ግን ሁለቱን አይለይም፣ አንድ ላይ ይጠርጋቸዋል።

መፍትሄ፦ የቀፎው ሜኑ ውስጥ ኮል ብሎክ የሚለው ጋ ግቡና ኮለር አይዲ የሌለውን ዝጋ የሚለውን አጥፉት። ከዛ ቀፎውን አንስታችሁ ስታር 77 ምቱ፣ በራ የሚል ድምፅ እስክትሰሙ አትዝጉ (አንዳንድ የኬብል ኩባንያ ይሄን በዌብሳይቱ ነው የሚያስበራው)። ሳትሞክሩ ከቤቱ እንዳትወጡ። በሞባይላችሁ ስታር 67 አስቀድማችሁ ቤቱ ጋ ደውሉ፣ መከልከል አለበት። ከዛ አገር ቤት ያለውን ሰው አሁኑኑ ደውል በሉት፣ መጥራት አለበት። ስታር 77 ካስቸገረ ስታር 87 ያጠፋዋል።

የዚሁ ችግር ሁለተኛ መልክ አለ፣ እሱ የባሰ ነው። አዳዲሶቹ ስልኮች የማያውቁት ቁጥር ሲደውል በእንግሊዝኛ "ስምህን ተናገርና ፓውንድ ተጫን" ይላሉ፣ ፓውንድ ማለት መሰላል የምንላት ምልክት ናት። ለማሽን ደዋይ በጣም ጥሩ ወጥመድ ነው፣ ማሽን ስም አይናገርም። ግን ጎንደር ያሉ አዛውንት እንግሊዝኛ ሲሰሙ ሂሳባቸው እንዳይቆጥር ቶሎ ይዘጉታል። አንድ ጋሼ ቤት የወንድማቸው ጥሪ ዝርዝሩ ላይ አስራ አንድ ጊዜ ተመዝግቦ አየሁ፣ አስራ አንዱም ስልኩን ሳያስጮህ ተመልሷል። ቁጥሩ ስልክ ማውጫው ውስጥ ተመዝግቦ ነበር፣ ግን ልጅየው በእጁ 011251 ብሎ ነው የጻፈው፣ ጥሪው ሲገባ ደሞ በ251 ነው የሚጀምረው፣ ስልኩ ሁለቱን አንድ ሰው ብሎ አላወቃቸውም። ስለዚህ የአገር ቤት ቁጥር በእጅ አትጻፉ፣ ከገቢ ጥሪ ዝርዝሩ ላይ እንደመጣ ሴቭ አድርጉት። በደወሉ ቁጥር ሌላ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ማስመዝገቡ ዋጋ የለውም፣ ስም ጠያቂውን አጥፉት፣ በቃ።

ስፓም ቁጥር አንድ በአንድ ብሎክ እያደረጋችሁ አትድከሙ። ደዋዮቹ ከናንተው ቁጥር መጀመሪያ ስድስቱን ወስደው የጎረቤት እያስመሰሉ በየጊዜው ይቀያይሩታል፣ ነገ የምትዘጉት የእውነተኛ ጎረቤት ወይ የክሊኒክ ቁጥር ሊሆን ይችላል። በ2019 የወጣው ሕግ ትልልቅ ኩባንያዎችን እስከ ሰኔ 2021 የደዋይ ቁጥር ማረጋገጫ እንዲያስገቡ አስገድዷል፣ ግን የሚሰራው በኢንተርኔት መስመር ላይ ነው፣ የድሮው የመዳብ ገመድ ላይ ያላችሁ አትጠብቁት። ዱ ኖት ኮል የሚባለው መዝገብም ከ2003 ጀምሮ አለ፣ ሕግ አክባሪውን ነጋዴ ያስቆማል፣ ሌባውን አያስቆምም።

ችግር፦ አንዴ ጮኾ ዝም ይላል

ኖሞሮቦ የሚባለውን የስፓም ማገጃ አገልግሎት ካስገባችሁ ልክ ነው፣ ጥሪው እነሱም ጋ አብሮ ስለሚጠራ ማሽን መሆኑን ሲያውቁ ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ያነሱታል። ካላስገባችሁና የማታውቁት 876 ወይ 809 ከታየ መልሳችሁ አትደውሉ፣ የአሜሪካ ቁጥር ይመስላል እንጂ ጃማይካና ዶሚኒካን ነው፣ ሂሳቡ የውጭ አገር ነው።

ሁሉም ጥሪ አጭር ድምፅ ብቻ እያሰማ ከጠፋ ግን ቁጭ ብላችሁ አስቡ፣ ምናልባት መስመሩ ወደ ሌላ ሰው ተዞሯል። "ከፍርድ ቤት ነው" ወይ "ከስልክ ኩባንያ ነው፣ መስመሩን ልንፈትሽ ነው፣ ስታር 72 ብለው ይሄን ቁጥር ይምቱ" ይሏቸዋል፣ ትልቅ ሰው ደሞ ባለስልጣን ሲያዝ እሺ ይላል። ከዛ በኋላ ባንክ ቢደውል፣ ሐኪም ቢደውል፣ ልጅ ቢደውል የሚያነሳው ሌባው ነው። ወዲያው ስታር 73 ምቱ፣ የመጥፊያውን ድምፅ ስሙ፣ በሞባይል ደውላችሁ በደንብ መጥራቱን አረጋግጡ፣ ባንኩንም ያኔውኑ አሳውቁ። ማንም ይሁን ማን ደውሎ ስታር ምናምን ምቱ ካለ አይመታም። ይሄን ለናቶቻችሁ ደግማችሁ ደጋግማችሁ ንገሩ።

ችግር፦ ቁጥር ጭራሽ አይታይም

ቁጥሩ የሚላከው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጥሪ መሀል ባለችው የአራት ሰከንድ ዝምታ ነው። ቶሎ ካነሳችሁ፣ ወይ መልስ ሰጪው ማሽን በአንድ ጥሪ እንዲያነሳ ከተደረገ፣ ቁጥሩ አይደርስም። ዲኤስኤል (በስልኩ ገመድ የሚመጣ ኢንተርኔት) ያለበት ቤት እያንዳንዱ ስልክ አንድ ፊልተር ይፈልጋል፣ ሁለት ደራርባችሁ አትሰኩ። ያቺ አንዱን መስመር ለሁለት የምትከፍለው ርካሿ ስፕሊተር ደሞ ስንት ቀን አስለፍታኛለች፣ ቁጥሩን ታበላሻለች፣ መስመሩን ታንኮሻኩሻለች፣ ጣሏትና ደህናውን ግዙ።

ችግር፦ መልስ ሰጪው ማሽን ሲያነሳ የሚናገረውን ሰምቼ ላነሳ ብል ምንም አይሰማም

የኩባንያው ቮይስ ሜል ቀድሞ ወስዶታል፣ ቀፎውን ስታነሱ የሚቆራረጥ ድምፅ ከሰማችሁ መልእክቱ እዛ ነው ያለው። ማሽኑን በሶስት ጥሪ አድርጉት፣ ቮይስ ሜሉን አስጠፉት። የማሽኑን ስፒከር ከፍ አድርጉ፣ ሰላምታውንም በአማርኛ ቅዱት፣ "እኔ ነኝ፣ እገሌ ነኝ በሉ፣ እሰማችኋለሁ" የሚል፣ የደሴዋ እህት ይሄን ስትሰማ አትዘጋም።

ከሌላ ሰው ጋር እያወሩ የሚገባው ጥሪ ቁጥሩ ካልታየ የተለየ አገልግሎት ስለሆነ ኩባንያውን ጠይቁ።

ስትጨርሱ 77፣ 87 እና 73 ምን ምን እንደሚያደርጉ በአማርኛ በትልቁ ጽፋችሁ ስልኩ ጎን ለጥፉ፣ ከታች ደሞ "72 አይመታም" በቀይ።