ፐርሰፎኔን በአማርኛ ሲተርኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፐርሰፎኔ በግሪክ አፈ ታሪክ የእህል አምላክ የዴሜቴር ልጅ ናት፤ የሙታን ዓለም ገዥ ሃዴስ ወስዷት፣ በኋላ በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ ወደ እናቷ ትመለሳለች። ይህን ሲተርኩ ትልቁ ስህተት «ክረምት» የሚለው ቃል ላይ ነው። «ፐርሰፎኔ ወደ ሙታን ዓለም ስትወርድ ክረምት ይገባል» ተብሎ ሲጻፍ አማርኛ አንባቢ የሚያስበው የሐምሌን ዝናብና የለመለመ ማሳ ነው፤ ስለዚህ «የብርድ ወራት» ይበሉ። በዚህ ብቻ ግን አይበቃም። የግሪክ የብርድ ወራት በረዶ የሸፈነው የሰሜን አውሮፓ ምድር አይደለም፤ ዝናብ የሚጥለው ያኔ ነው። ስንዴና ገብስ በጥቅምትና በኅዳር ተዘርቶ፣ ብርዱን አረንጓዴ ሆኖ ከርሞ፣ በግንቦትና በሰኔ ይታጨዳል። የእኛ ገበሬ አጨዳ ላይ ሲሆን የግሪኩ ዘር ላይ ነው። ምድሪቱ የምትደርቀው ከአጨዳ በኋላ፣ በበጋው ሐሩር፣ ማለትም በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ሊቃውንት የፐርሰፎኔን መውረድ እህል ከመሬት በታች ከሚከማችበት ከበጋው ጋር አያይዘውታል። ጥንታዊው መዝሙር ግን የምትመለሰው የጸደይ አበቦች ሲፈኩ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ሁለቱንም ማንሳት ይቻላል፤ የሚቀድመው ግን የመዝሙሩ ቃል ነው።

ይህ መዝሙር ለዴሜቴር የተዘመረው «ሆሜራዊ መዝሙር» ነው፤ 495 ስንኞች ያሉት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ወይም በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተደረሰ። በውስጡ ያለው ረሃብ በየዓመቱ የሚመጣ አይደለም። ዴሜቴር በሐዘኗ ዘሩን መሬት ውስጥ ደብቃ ያስቀረችበት አንድ አስከፊ ዓመት ነው፤ ልጅዋ ስትመለስ ያበቃል። ይህን ከወቅቶች መፈራረቅ ጋር አንድ ማድረግ ታሪኩን ያዛባል።

«በሙታን ዓለም ስድስት የሮማን ፍሬ ስለበላች በየዓመቱ ስድስት ወር እዚያ ትቀመጣለች» የሚለውም በሰፊው የተሰራጨ ነው። በመዝሙሩ የበላችው አንዲት ብቻ ናት፤ ከሙታን ጋር የምትቆየውም የዓመቱን ሲሶ ነው። ዓመቱን እኩል የከፈለው ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ነው፤ እሱም ቢሆን የበላችውን በአንዱ ሥራው ሰባት ፍሬ፣ በሌላው ሦስት ይላል እንጂ ስድስት አይልም። ደግሞም «የሮማን ፍሬ» ሲባል ሙሉ ሮማን ሊመስል ስለሚችል «የሮማን ቅንጣት» ብለው ይለዩት። ቦታውንም አያደባልቁ፦ በመዝሙሩ የተወሰደችው ከኒሳ ሜዳ ነው፤ በኦቪድ ሲሲሊ ውስጥ፣ ኤና አጠገብ ካለው ሐይቅ ዳር።

ሃዴስን ሰይጣን፣ አገሩንም የኃጢአተኞች መቀጫ ማድረግ ሌላው ስህተት ነው። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ሃዴስ» የሚለው የግሪክ ቃል «ሲኦል» ተብሎ መተርጎሙ ለዚህ ያመቻል። በግሪኮች እምነት ግን ደጉም ክፉውም የሚወርደው ወደዚያው ነው፤ ገዥውም የአማልክቱ ንጉሥ የዜውስና የዴሜቴር ወንድም፣ የልጅቱ አጎት ነው።

«ጠለፋ» የሚለው ቃላችን ለድርጊቱ ይስማማል፤ ሆኖም ዜውስን እንዳይሸፍንብን። ልጁን ፐርሰፎኔን ለወንድሙ የሰጠው እሱ ራሱ ነው፣ እናቷም እሷም ሳያውቁ። ስለዚህ ነገሩን የፍቅር ታሪክ አድርጎ መተረክ ከምንጩ ጋር ይጣላል፦ ስትወሰድ ትጮኻለች፣ ቅንጣቷንም ሃዴስ በስውር ሰጣት፣ ለእናቷ ስትነግራትም አስገድዶ እንዳበላት ትናገራለች።

ይሁን እንጂ ተጠልፋ የቀረች ምስኪን ብቻ አድርጎ ማቅረብም ይጎድለዋል። በሆሜር ግጥም በኦዲሴ ሙታን የሚፈሯት ንግሥት ናት፤ ነቢዩ ቴይሬሲያስ ከሞተ በኋላ ልቡናው እንዳይጠፋ ያደረገችው እሷ ናት፣ የግጥሙ ጀግና ኦዲሴዎስም ጎርጎን የተባለችውን አስፈሪ ፍጡር ራስ እንዳትልክበት ፈርቶ ሸሽቷል። በደቡብ ኢጣሊያ በሎክሪ የተገኙት የሸክላ ሰሌዳዎች ከሃዴስ ጎን በዙፋን ተቀምጣ ያሳዩዋታል።

ፕሮሰርፒና የሮማውያን ስሟ ነው፤ ኮሬ የሚለው ሌላው የግሪክ ስሟ ደግሞ «ልጃገረድ» ማለት ነው።

በአቴና አቅራቢያ በምትገኘው በኤሌውሲስ ለዴሜቴርና ለልጅዋ ይከበር ስለነበረው ምሥጢራዊ ሥርዓት ሲጽፉ በአዳራሹ ውስጥ የታየውን እንደሚያውቁ ሆነው አይተርኩ፤ ምሥጢሩን ማውጣት በሞት ያስቀጣ ስለነበር ተጠብቆ ኖሯል። የሚታወቀው ውጭውን ነው፦ ዘር ከመዘራቱ በፊት በመስከረም አካባቢ ይከበር እንደነበር፣ ከአቴና እስከ ኤሌውሲስ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል በእግር እንደሚኬድ፣ ዴሜቴር በሐዘኗ ጾሟን የፈታችበት ከገብስ፣ ከውኃና ከናና መሰል ቅጠል የተበጠበጠ መጠጥም የሥርዓቱ አካል እንደነበር።