ቀለሙን አይተው አይግዙ፦ ጅማ ላይ አሮጌ ስፖርት መኪና ሲገዙና ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፊያት 124 ስፖርት፣ አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ወይም ቮልስዋገን ካርማን ጊያ አንድ ግቢ ጥግ ሸራ ለብሶ ቆሟል ሲባል ገዢው ቀድሞ የሚጠይቀው «ሞተሩ ይነሳል?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ስለ ላሜራው ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ሬቲፊካ ቤት ይገባል፣ የፒስቶን ፋሻና ኩሽኔታ ይቀየርለታል። የበሰበሰ አካል ግን ከግዢው ዋጋ በላይ ይበላል። ጅማ ደግሞ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም የማይለያት ከተማ ናት፤ ሸራው ራሱ እርጥበቱን አምቆ ስለሚይዝ ያለ መጠለያ ከቆመ መኪና ይልቅ ሸራ የለበሰው በስብሶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማግኔት ሳይዙ ለግዢ መሄድ

ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በበሮቹ የታችኛው ጠርዝ፣ በጎማዎቹ ዙሪያ ባለው ላሜራና ከበር ስር በርዝመት በሚሄደው ባዶ ሳጥን ላይ ያሳልፉት። የማይዝበት ቦታ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ ሊጥ) ነው። ምንጣፉን ገልጠው ወለሉን በካቻቢቴ ጫፍ ይጫኑት። 124 ስፖርት ለብቻው ሻንሲ የለውም፤ ጭነቱን የሚሸከመው አካሉ ራሱ ስለሆነ ከበር ስር ያለው ሳጥንና ከፊት የሾክ አብዞርበሩ ራስ የሚታሰርበት ላሜራ ከበሰበሱ ጉዳዩ የውበት ሳይሆን የደህንነት ነው። ካርማን ጊያ ላይ አፍንጫውን አተኩረው ይዩ። የፊት ፓራፋንጎው (የጎማ መሸፈኛው) እንደ ቮልስ በቡሎን አይፈታም፤ ከብዙ ቁራጭ ተበይዶ በእጅ የተስተካከለ ስለሆነ አንዴ ከተጋጨ ወደ ቅርጹ የሚመልሰው ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም።

በዝገት ላይ ስቱኮ፣ በስቱኮ ላይ ቀለም

ከሁሉም የሚያናድደው ይኸኛው ነው። መኪናው በተገዛ በሳምንቱ ቀለም ቤት ይገባል። ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ላይ ላዩን ይታሻል፣ ቀዳዳው በፋይበርና በስቱኮ ይደፈናል፣ ቀይ ቀለም ይነፋበታል፣ ፎቶ ይነሳል። ከአንድ ክረምት በኋላ ቀለሙ እንደ ሽሮ ይንፈቀፈቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ የመጠጠውን ውሃ ከስር ካለው ዝገት ጋር አፋጥጦ ያስቀምጠዋል፤ ላዩ በቀለም ስለታሸገ እርጥበቱ መውጫ የለውም። ለዚህ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ አንዴ ለመቀባት፣ አንዴ የተቀባውን ለመግፈፍ።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይኸው። የበሰበሰው ላሜራ ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል፤ «ትንሽ ይቅር፣ ይይዛል» የለም። በምትኩ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ላሜራ ይበየዳል። የመኪና አካል ብዙውን ጊዜ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በር በሚሠሩበት ኤሌክትሮድ ከተበየደ ይበሳል፣ ይጣመማል። 0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ የሚጠቀም ሚግ የሚባለውን ብየዳ ይፈልጉ። በያጁ ነጠብጣብ እያደረገ፣ ቦታ እየቀያየረ፣ እያቀዘቀዘ ይሥራ፤ መስመሩን በአንድ ትንፋሽ አይጎትተው። ቀጥሎ በቀጭን ቀዳዳዎች ውስጥ የቀረ ዝገት ካለ በፎስፎሪክ አሲድ ይታከማል፣ በደንብ ይታጠባል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ ኢፖክሲ አንቲረስት ይነፋል። ስቱኮው የሚመጣው ከዚህ በላይ ነው፤ ውፍረቱም ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አይለፍ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ባትላሜራው ሥራውን አልጨረሰም ማለት ነው።

የሚቀባበት ወርም ጉዳይ አለው። የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ ካለፈ አይቀባም፤ ላሜራው ላይ በዓይን የማይታይ ጤዛ ይኖራል። ጅማ ላይ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል፣ ያውም ጠዋት ሳይሆን ፀሐይ ላሜራውን ካሞቀችው በኋላ። «ለጊዜው ፕራይመር ቀብተን እናቁመው» የሚለውም ሌላ ወጥመድ ነው። የተለመደው ግራጫ ፕራይመር ውሃ ያሳልፋል፤ በፕራይመር ብቻ ክረምት የከረመ መኪና እንደገና ይገፈፋል።

ከበር ስር ያለውን ሳጥን ሳይደግፉ መቁረጥ

ሁለቱ ወገን በአንድ ጊዜ ከተቆረጠ መኪናው መሐሉ ላይ ይሰግዳል፤ ሥራው ሲያልቅ በሩ አይዘጋም። ከመቁረጥዎ በፊት በበሩ ክፍተት ውስጥ የብረት ድጋፍ ያስበይዱ፣ የበሩን ክፍተት በሰያፍ ለክተው ይጻፉ፣ አንዱን ወገን ጨርሰው ወደ ሌላው ይለፉ። በብየዳ ጊዜ ባትሪው ይነቀል። የቤንዚን ታንከሩም ይውረድ፤ ባዶ ታንከር በጋዝ ስለሚሞላ ከሙሉው ይበልጥ ይፈነዳል።

«የላዳው ይገባል» ሲባል ማመን

በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራ ይህን ቃል የማይሰማ የፊያት ባለቤት የለም። ላዳ ከፊያት 124 መወለዱ እውነት ነው። ሩሲያዎቹ ግን ብዙ ነገር ቀይረዋል፦ የኋላው ዲስክ ፍሬን በከበሮ ተተካ፣ ሞተሩም ሌላ ነው። የስፖርቱ ባለ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮላ የሚከፍት ዘንግ) ሞተር ደግሞ ከላዳው ጋር ምንም አይገናኝም። ከፊት እግር ዕቃዎች አንዳንዱ ሊመሳሰል ይችላል፤ አሮጌውን ይዘው ሄደው በካሊፐር ሳይለኩ ግን ገንዘብ አይክፈሉ። ለሞተር ዕቃ ያን ያህል አይጨነቁ። የሚያስጨንቀው መስታወቱ፣ መብራቱ፣ የመስኮት ጎሚኒውና የኒኬል ጌጡ ነው። እነዚህ የጎደሉበትን መኪና ከመግዛት ሞተሩ የሞተውን መግዛት ይሻላል።

የቆመ ሞተር በሞተሪኖ ማስነሳት

ዓመታት የቆመ ሞተር ውስጥ ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ካንዴላዎቹን ይፍቱ፣ በየሲሊንደሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀጭን ዘይት ያፍስሱ፣ አንድ ሁለት ቀን ይተዉት፣ ከዚያ በእጅ፣ በቁልፍ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ብለው ያዙሩት። እምቢ ካለ አያስገድዱት። 124 ስፖርት ላይ ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጊያ ነው፤ ደህና ቢመስልም ዕድሜው ካልታወቀ ሞተሩ ሳይነሳ ይቀየር። ቢበጠስ ቫልቮላ ከፒስቶን ጋር ይጋጫል። የቤንዚን ፖምፓውን የሚገፋው ሦስተኛ ዘንግም በዚሁ ቺንጊያ ስለሚዞር ምልክቱ ሳይገጥም ከታሰረ የዘንጉ ጉብታ የሁለተኛውን ሲሊንደር ቢዬላ (የፒስቶን ክንድ) ሊመታ ይችላል። «ሁለቱን ላይኛ ምልክት ካገጠምኩ በቃ» የሚል መካኒክ ቺንጊያውን አይንካ።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል

ሞተር ጋለ ሲባል ብዙ ጋራዥ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው። የሚገርመው፣ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጩ ቱቦ ስለሚዞር ሙቀቱ ይብሳል። ባይብስም ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ዘይቱን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያጥበዋል። መፈተሽ ያለበት የራዲያተሩ ክዳን ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ሞላው የላላ ክዳን በጥቂት ብር ይቀየራል፤ የተጣመመ የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሞተር ራስ) ግን ቶርኖ ቤት ይሄዳል። የቧንቧ ውሃም ብቻውን አይሞላ፤ የዝገት መከላከያ ያለው ኩላንት ይቀላቀልበት።

ከፍታው ካርቡሬተሩንም ይነካል። አየሩ ስስ ስለሆነ ለባሕር ጠለል የተሠራ ጂግለር (ቤንዚን የሚለካው ባለ ቀዳዳ ቡሎን) ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ መኪናው ይከብዳል። ዋናውን ጂግለር በአንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው ይሞክሩ፣ ለምሳሌ ከ120 ወደ 115። ቀዳዳውን በሽቦ መጎርጎር ግን ጂግለሩን ማበላሸት ነው፤ በአየር ይነፋ።

ሊብሬውን መጨረሻ ላይ ማየት

ሻንሲ ቁጥሩና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠሙ ዋጋ መነጋገር አያስፈልግም። ሞተር የተቀየረበት መኪና ለውጡ በሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበት። ባለቤቱ ካረፉ የወራሾቹ ማስረጃ፣ መኪናው በቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉ ይጣራ። ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀም የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ «ካልሆነ ሌላ አስመጣለሁ» የሚባልበት ጊዜ አልፏል።

ጥቃቅን የሚመስሉ

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይፍቱ፤ እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንስተው ቡሎንና ዳዶውን ስም በተጻፈበት ከረጢት ያስቀምጡ። የፍሬን መስመር ውስጥ የሞተር ዘይት ጠብ እንዳይል፤ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ። አልፋ ሮሜዮ ሲሞክሩ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ፈጠን ብለው ይመልሱ፤ ከጮኸ የካምቢዮው የታወቀ ሕመም ነው። ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2315 ማለት የ2015 23ኛ ሳምንት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በኛ ቆጥረው ጎማውን ወጣት አያድርጉት። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ይጣል።

የመጀመሪያ ጉዞን ወደ አዲስ አበባ ማድረግ

እድሳቱ ባለቀ ማግስት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት፣ ያውም ጊቤ ሸለቆ ወርዶ በሙቀቱ ያንን ዳገት መውጣት፣ አዲስ የታሰረ ሞተርን መቅጣት ነው። መጀመሪያ እስከ ሰርቦ ሄደው ይመለሱ፣ ዘይትና ውሃ የሚያፈስበትን ይዩ፣ የቸርኬ ዳዶዎችን እንደገና ያጥብቁ፤ ቀጥሎ እስከ አጋሮ። የመጀመሪያው ዘይት ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀየራል። ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ትርፍ ውሃ፣ ትርፍ ቺንጊያና እሳት ማጥፊያ ይያዙ። ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያው ሽቅብ ካለ ዳር ይዘው ይቁሙ፤ ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን አይክፈቱ።