ጫጩት ጥግ ሲይዝ፣ ዘር ሳይበቅል ሲቀር

ክረምት ሲገባ ዶሮም አትክልትም ጓሯቸው ያላቸው ሰዎች ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። ጫጩት አለቀብኝ። ያስቀመጥኩት ዘር አልበቀለም። የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያታቸው አንድ ነው፣ እርጥበት። መድኃኒት ቤት ከመሮጣችሁ በፊት በእጃችሁ ዳስሱ።

ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ጥለው ጥግ ከያዙና ኩሳቸው ደም ካለው፣ ዕድሜያቸውም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ነው። ጥገኛ ተውሳኩ ከኩስ ጋር ይወጣል፣ ሞቅ ያለ እርጥብ ጉዝጓዝ ካገኘ በ1 ወይም በ2 ቀን ይጎለምሳል፣ ጫጩቷም መሬት ስትጭር መልሳ ትለቅመዋለች። ከውሃ መጠጫው ስር አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ አንሱና ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ እንደ ጭብጦ ተጣብቆ ከቀረ በጣም ርሷል። ከተበተነ ደህና ነው።

የዚህ በሽታ መድኃኒት አምፕሮሊየም ከውሃ ጋር ከ5 እስከ 7 ቀን ይሰጣል፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይንገራችሁ። ጉዝጓዙን ካልቀየራችሁ ግን በሽታው ይመለሳል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ሰጥቼ መጠጫውን ከቦታው አላነሳሁትም፣ ከ14 ጫጩት 9ኙ ሞቱብኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ዛሬ መጠጫውን ጡብ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ከንፈሩ ከጫጩቷ ጀርባ እኩል እስኪሆን። ከዚያ ወዲህ ውሃው አይደፋም።

አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ የአንገት መጠምዘዝ ካያችሁ፣ ትልልቆቹም በተከታታይ መሞት ከጀመሩ ፈንግልን ጠርጥሩ። ይሄ የእርጥበት ጉዳይ አይደለም፣ ቫይረስ ነው፣ ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። የታመሙትን ለዩ፣ የሞቱትን በጥልቅ ቅበሩ። እባካችሁ የተረፉትን ገበያ አታውጡ፣ የሰው ዶሮ ትጨርሳላችሁ። መፍትሄው ቀድሞ ማስከተብ ነው፤ ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ለበዓል የገዛችሁትን ዶሮም ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻው አቆዩት።

የእንቁላሉ ቅርፊት ከሳሳ ብዙ ጊዜ ካልሲየም አንሷል። የእንቁላል ቅርፊት አድርቃችሁ በደንብ አድቅቁና ከመኖው ጋር ስጡ፤ ሳይደቅ ከሰጣችሁ እንቁላል መብላት ሊለምዱ ይችላሉ።

ወደ ዘሩ ስንመጣ፣ ከመዝራታችሁ በፊት 10 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። አደንጓሬ ከሆነ በሳምንት ውስጥ 8 ወይም 9 ካቆጠቆጠ ዝሩት። ከ5 በታች ከሆነ መሬታችሁን አታባክኑበት። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሳይደርቅ በፌስታል መታሰሩ ነው። አንድ ፍሬ ነከስ አድርጉ፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ የጥርስ ምልክት ከተቀበለ ገና ነው። ቆርቆሮ ላይ በፀሐይ አትጥበሱት፣ ጽንሱ ይሞታል። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ስር አስጡት፣ ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ አስቀምጡ። ነቀዝ ከፈራችሁ ደረቅ የተነፋ አመድ ቀላቅሉበት። የሽንኩርት ዘር ዓመት ካለፈው አትመኑት፣ የቲማቲም ግን ይቆያል።

ቲማቲሙ በቅሎ እናቱን ካልመሰለ ዘሩ ድቅል ነበር ማለት ነው። እንደ መልካሾላና መልካሳልሳ ያሉት የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያዎች ግን ዘራቸው ተይዞ መልሶ ይዘራል።

ችግኙ የዶሮ ኩስ ካደረጋችሁለት በኋላ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን ከተቃጠለ ኩሱ ትኩስ ነበር። በብዙ ውሃ አጠጡት፣ የቀረውን ኩስም ከሥሩ አርቁ። ለቀጣዩ ከጭድ ጋር ከምራችሁ 3 ወር አቆዩት፤ ሰኔ የከመራችሁት መስከረም ላይ ይደርሳል። ከላይ ላስቲክ አልብሱት፣ ዝናብ ከገባበት ለተክሉ የሚጠቅመውን ንጥረ ነገር አጥቦት ይሄዳል።