እድራችሁን ለሚቀጥለው ወረርሽኝ እንዴት ታዘጋጃላችሁ?

የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገራት በግንቦት 2017 ጄኔቫ ላይ የወረርሽኝ ስምምነት አጽድቀዋል። ደግ አድርገዋል። ጅማ ላይ ግን ቆጪ ወይም ጊንጆ ውስጥ ካንድ ግቢ ሦስት ሰው በትኩሳት ቢወድቅ ቀድሞ የሚሰማው ጎረቤት ነው። ጎረቤትን መዝግቦ የያዘ፣ ገንዘብ ያለውና ጥሩምባ የሚያስነፋው ደግሞ እድር ነው።

1. መዝገቡን አድሱ
ብዙው የእድር መዝገብ ከአባወራው ስምና ከመዋጮው አያልፍም። የስልክ ቁጥር ጨምሩ። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ የስኳርና የኩላሊት ሕሙማንን ለዩ። ተከራዮችንና ለቡና ለቀማ መጥተው ባንድ ክፍል ታጭቀው የሚያድሩ ሠራተኞችንም አትርሱ፤ አባል ባይሆኑም ቫይረስ መዋጮ ማን እንደከፈለ አይጠይቅም።

2. ምልክት ሲታይ ለማን እንደሚነገር ወስኑ
ባንድ ቤት ብዙ ሰው ባንዴ ሲታመም፣ ትኩሳት ከመድማት ጋር ሲታይ ወይም ዶሮዎች በብዛት ሲሞቱ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ለጤና ጣቢያው ወዲያው ይነገር። 8335 ነጻ የስልክ መስመር ነው። የበሽታውን ስም ማውጣት የናንተ ሥራ አይደለም፤ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ።

3. የለቅሶውን ደንብ አሁኑኑ ጻፉ
ከሁሉ የሚከብደው ይኼ ነው፤ ሐዘን ከገባ በኋላ ማንም አይደማመጥም። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ መከሰቱ የተረጋገጠው የማርበርግ ቫይረስ የሚተላለፈው በሰውነት ፈሳሽ ንክኪ ነው፤ አስከሬን አጥበው የሚገንዙ ሰዎችም ለአደጋው ይጋለጣሉ። ስለዚህ ኢማሙንም ቄሱንም አንድ ላይ አስቀምጡና በመተዳደሪያ ደንቡ ይህን አስገቡ፦ የጤና ባለሙያ ሲያዝ አስከሬኑን የሚነካው የሠለጠነ ቡድን ብቻ ይሆናል፤ ድንኳን አይጣልም፤ ሰደቃውም ተዝካሩም ሌላ ጊዜ ይደረጋል፤ የእድሩ ገንዘብ በዚያው ቀን ለቤተሰቡ ይደርሳል፤ ምግብም ከደጅ ይቀመጥለታል። አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ፦ ከቀብር የቀረ አባል አይቀጣም። ቅጣቱ ካልተነሳ ትኩሳት ያለበትም ሰው ይመጣል።

4. በረኪናን በልክ በጥብጡ
ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ ለበር እጀታ፣ ለጠረጴዛና ለወንበር 1 ኩባያ በረኪና በ49 ኩባያ ውሃ ይበቃል። ደም ወይም ትውከት የነካው ቦታ ሲሆን 1 ኩባያ በ9 ነው። ቆሻሻውን ጓንት አድርጋችሁ ቀድማችሁ አንሱ፣ በሳሙና እጠቡ፤ ከዚያ በበረኪናው አርሳችሁ 10 ደቂቃ ተዉት። ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የተበጠበጠው በማግሥቱ ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ። ለእጅ ሳሙናና ውሃ ይሻላል፤ 20 ሰከንድ ያህል ፈትጉ።

5. ዕቃ
ቧንቧ ያለው በርሜል፣ ሳሙና፣ ጓንት፣ ጭንብል። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን መስኮት ይከፈት፣ ቡናውም በረንዳ ላይ ይፈላ። የጅማ ዝናብ እንደማያስችል አውቃለሁ፤ የእድሩ ድንኳን ጎኖቹ ተገልጠው ለዚህም ይሆናል።

6. ሞክሩት
ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥለው በ1911 የገባው የኅዳር በሽታ ትዝታ ነው። ጭሱ ቫይረስ አይገድልም፤ ቀኑ ግን ለቡና ለቀማ የሚመጡት ሠራተኞችም ባሉበት ወቅት ላይ ስለሚውል ለልምምድ ይመቻል። በዚያ ሰሞን ለሁሉም አባል በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መልእክት ላኩ፤ ያልደረሳቸውን ለዩና የስልክ ቁጥራቸውን አስተካክሉ። ስልክ የሌላቸውን ማን በእግሩ ሄዶ እንደሚነግራቸው በስም ጻፉ።