ሙዚቃ ሲከፈት የሚደርቅ ኮምፒውተር፦ የመስመር ግጭትና መፍትሄው

ኮምፒውተሩ ሙዚቃ ወይም ቪዲዮ እያጫወተ ሳለ ድምፁ እንደተቧጨረ ሲዲ አንዲቱን ቁራጭ እየደጋገመ ከቀረ፣ የማውሱ ቀስት ካልተንቀሳቀሰና ካፕስ ሎክ ሲጫን የኪቦርዱ መብራት ካልተለዋወጠ፣ የደረቀው አንድ ፕሮግራም ሳይሆን ማሽኑ ራሱ ነው። ሙቀቱ፣ ራሙና ፓወር ሰፕላዩ ተፈትሸው ደህና መሆናቸው ከታወቀ፣ ችግሩም አዲስ ካርድ፣ ማለትም ማሽኑ ውስጥ የሚሰካ የድምፅ፣ የኔትወርክ ወይም የመሰለ ሰሌዳ፣ ከተሰካ ወዲህ የጀመረ ከሆነ፣ ሁለት መሣሪያዎች በአንድ መስመር እየተጋፉ መሆናቸውን መጠርጠር ይገባል።

እያንዳንዱ ካርድ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት አይ አር ኪው የሚባል መስመር አለው። በቆዩት ማሽኖች ከ0 እስከ 15 የተቆጠሩ 16 መስመሮች ብቻ ሲኖሩ፣ 0 በሰዓት ቆጣሪው፣ 1 በኪቦርዱ፣ 14 እና 15 ደግሞ በሃርድ ዲስክና በሲዲ ማጫወቻ የተያዙ ናቸው። የፒ ሲ አይ ካርዶች (በነዚህ ማሽኖች የተለመደው የካርድ ዓይነት) አንድ መስመር መጋራት ይችላሉ፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር ሁለት ቦታ ስለታየ ብቻ ግጭት አለ ማለት አይደለም። ግጭት የሚፈጠረው ከተጋሪዎቹ የአንዱ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) የራሱ ያልሆነውን ጥሪ በአግባቡ ማሳለፍ ሲያቅተው ነው፤ ስም በሌለው ካርቶን ታሽገው የሚሸጡት ርካሽ ካርዶች ደግሞ በዚህ ረገድ ያስለቅሳሉ።

ጅማ ውስጥ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ግን መነሻው መብረቅ ነው። በክረምት ነጎድጓድ ሲበረታ ኃይሉ በስልክ መስመሩ ወይም በኔትወርክ ገመዱ ገብቶ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለውን የኔትወርክ ክፍል ያቃጥለዋል። ባለቤቱም ካርድ ገዝቶ ለእጁ በሚቀርበው ስሎት (የካርድ መሰኪያ)፣ ማለትም ኤ ጂ ፒ በሚባለው የራሱ መሰኪያ ከሚሰካው የስክሪን ካርድ አጠገብ ባለው ይሰካዋል። ይህ ስሎት በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ከስክሪን ካርዱ ጋር አንድ መስመር ይጋራል፤ የተቃጠለውም ክፍል ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ስላልተዘጋ፣ ሞቶም ቢሆን ድርሻውን ይዞ ይቀመጣል። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት መምህርት ያመጡልኝ ፔንቲየም 4 እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ፣ የልጆቻቸው ፎቶ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ካርዱን ወደ ታችኛው ስሎት ለማዛወር የፈጀብኝ ጊዜ ቡና ተፈልቶ አቦል እስኪቀርብ እንኳ አይሞላም። ካርድ ነቅሎ ማየት እያለ ፎርማት የሚያስቀድም ባለሙያ ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።

አሠራሩ ይህ ነው። ማሽኑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ገመዱ ከግድግዳው መነቀል አለበት። የኮምፒውተሩን ሳጥን ብረት ነክቶ የሰውነትን ኤሌክትሪክ ካስወገዱ በኋላ ካርዱን ነቅሎ፣ ስሎቱ ውስጥ የሚገባውን ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ በቀስታ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ በከተማችን እርጥበት የዛገ ጥርስ ልክ እንደ ግጭት ያደርቃልና። ካርዱን ከኤ ጂ ፒው በራቀ ስሎት ከሰኩ በኋላ ባዮስ ውስጥ ገብቶ የተቃጠለውን የኔትወርክ ክፍልና የማይጠቀሙባቸውን ሲሪያልና ፓራሌል ፖርቶች መዝጋት ነው፤ በዚህም መስመር 3፣ 4 እና 7 ነፃ ይወጣሉ። በመጨረሻም ሪሴት ኮንፊገሬሽን ዳታ የሚለውን ኢኔብልድ አድርጎ ሴቭ ማድረግ ነው፤ ማሽኑ ሲነሳ መስመሮቹን እንደገና ያከፋፍላል።

ዊንዶውስ ኤክስፒ ከተጫነ በኋላ ባዮስ ውስጥ ኤፒክ የሚለውን፣ የእነዚህን መስመሮች አያያዝ የሚወስነውን ምርጫ፣ መቀየር ፈጽሞ አይገባም፤ ሰማያዊ ስክሪን አምጥቶ ማሽኑ አልነሳም ሊል ይችላል። ይህን ማስጠንቀቂያ ሰምቶ ቀይሮት የመጣ ደንበኛም አለኝ።

ዲቫይስ ማናጀር (የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር) ቢጫ ምልክት አሳይቶ ኮድ 12 ካለ፣ መሣሪያው የሚበቃ ነፃ ሪሶርስ አላገኘም ማለት ነው፤ ሌላውን መሣሪያ መዝጋት ይጠይቃል። በጣም ቆይቶ በቀረ ማሽን ላይ ሞደሙ (በስልክ መስመር የሚያገናኘው መሣሪያ) ኮም 3 በሚባለው ሲሪያል ፖርት፣ ማውሱ በኮም 1 ከሆኑ ሁለቱም መስመር 4ን ስለሚጠቀሙ ስልክ ሲደወል ማውሱ ይቆማል፤ ሞደሙን ወደ ኮም 2 ማዛወር ነው። ፒ ሲ አይን በተካው ፒ ሲ አይ ኤክስፕረስ በሚሠሩ ማሽኖች ላይ ይህ ግጭት እምብዛም አይታይም።

ሽፋኑ ከመታሰሩ በፊት ሙዚቃ ከፍቶ፣ በኔትወርኩም ትልቅ ፋይል እያስተላለፉ አንድ ሰዓት ማቆየት ያስፈልጋል፤ ብሎኑን አጥብቆ ደንበኛውን ከሸኘ በኋላ ማሽኑ በማግስቱ የተመለሰበት ባለሙያ እኔም ሆኜ አውቃለሁ።